የሣር ማጨጃ ትራክተሬ ኩበት እየጣለ ነው፤ ሜዳውንም ላጠው

ሣረኛው | ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ግቢ እንከባከባለሁ። ግማሹ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ግማሹ ተዳፋት። ሣሩ ኪኩዩ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን ሰርዶ ይዞታል።

ማሽኑ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ትራክተር ነው። ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣ። ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለው ዴክ 42 ኢንች ነው፤ ውስጡ ሁለት ቢላ ይሽከረከራል።

ለፍልሰታ ሁለቱንም ሳምንት ሱባኤ ገብቼ ነበር። ስመለስ ሣሩ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ደርሶ ጠበቀኝ። ትናንት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስነሳሁና ገባሁበት። ማጨዱን አጭዷል። ግን በየሦስት እርምጃው እፍኝ እፍኝ እርጥብ ሣር እየጣለ ሄደ። ተጠፍጥፎ ሲታይ ኩበት ነው። ሥራ አስኪያጁ በረንዳ ላይ ቆመው «ከብት ማን አስገባ?» አሉኝ።

በዚያ ላይ በግራ በኩል ቅስት ቅስት እየሠራ ሣሩን ከነሥሩ ልጦታል። ጥቁሩ አፈር ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ተዳፋቱ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ ሁለት ቦይ ቀደዋል።

ቢላ ነው እንዳትሉኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋራዥ ወስጄ አስልቼ አሳስሬዋለሁ።

ፒያሳ_ካፌ | ነሐሴ 18

ኩበት ከሆነማ አድርቀህ ሽጠው። ማገዶ ተወዷል።

አያ ብሎን | ነሐሴ 18

ልጄ፣ መጀመሪያ ክምሩንና ልጠቱን ለያቸው። ሁለት በሽታ ናቸው። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት ስትፈልግ ክረምቱ ያልፍብሃል።

የክምሩን ላስረዳህ። ቢላው ሣር የሚቆርጥ ብቻ አይደለም፤ ማራገቢያም ነው። ከስለቱ ጀርባ ወደ ላይ የታጠፈች ክንፍ አለችው። ስትሽከረከር አየር ከሥር ትስባለች፣ የተኛውን ሣር ቀጥ ታደርገዋለች፣ የተቆረጠውን ደግሞ በጎን በኩል ገፍታ ታስወጣለች። ንፋሱ የደከመ ዕለት ሣሩ መውጫ ያጣል። ዴኩ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል፣ እዚያው ይከማቻል፣ ሲከብደው ዱብ ይላል። ኩበትህ ይኸው ነው።

አሁን ንገረኝ። ሞተሩን በስንት ዙር ነው የምትነዳው? የዴኩን ውስጥ መቼ ነው የጠረግኸው? የጎን መውጫው ክፍት ነው? ቺንጋው እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ይሸትሃል? ጎማዎቹ ነፋሳቸው እኩል ነው? ያለ እነዚህ መልስ የምነግርህ ሁሉ ጥንቆላ ነው።

ጎሃ_ንፋስ | ነሐሴ 18

እኔ በከፍታው ነው የምጠረጥረው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስታሰላው ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛው ጠፍቷል ማለት ነው። 20 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልህ እዚህ 16 ቢሆን ነው። ካርቡሬተሩን ለከፍታ አስተካክለው።

አያ ብሎን | ነሐሴ 18

ጎሃ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። ግን ማሽኑ ከየት መጣ አለ? ከአዲስ አበባ። አዲስ አበባ ደግሞ ከጎንደር ከፍ ትላለች። እዚያ ሲሠራ ኖሮ እዚህ ሲወርድ አየር አጠረው ልትለኝ ነው? ካርቡሬተሩ ባይነካ ይሻላል። ደህናውን ነገር ፈትቶ ማበላሸት የእኛ አገር ልማድ ሆኗል።

ጎሃ_ንፋስ | ነሐሴ 18

ተሸንፌያለሁ ጋሼ። ቢሆንም የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ይየው። ሲገዛው የቀየረው አይመስለኝም።

የማራኪዋ | ነሐሴ 19፣ ጠዋት

ወንድሜ፣ አንድ ነገር አየሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገባሁበት ብለሃል። በነሐሴ? ጤዛው ገና ሣሩ ላይ እኮ ነው! እኔ ማራኪ ሰፈር ያለውን ጓሮዬን በትንሿ የሚገፏት ማጨጃ ነው የማጭደው። ከ4 ሰዓት በፊት ነክቼው አላውቅም። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከ4 እስከ 7 ያለችውን ሰዓት ነው የምሻማት። መዳፌን ሣሩ ላይ አሻሸዋለሁ፤ ከረጠበ ቡናዬን አፈላለሁ።

ደግሞ የሁለት ሳምንት ኪኩዩ በአንድ ጊዜ አይታጨድም። ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ከፍ አድርገህ፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ዝቅ አድርገህ። ስግብግብ ስትሆን ይኸው ይሆናል።

ሣረኛው | ነሐሴ 19፣ ከሰዓት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በተራ ልመልስ።

ዙሩ፦ እጀታው ላይ ኤሊና ጥንቸል ተሥለዋል። እኔ መሃላቸው አድርጌ ነው የምነዳው። ቤንዚን በሰልፍ የሚገኝ ነገር ነው፣ ልቆጥብ ብዬ።

ዴኩን ከሰኔ ወዲህ ከፍቼ አላየሁትም። እውነቱን ልናገር።

የጎን መውጫውን ዘግቼዋለሁ። ግንቦት ላይ ጠጠር ወርውሮ የእንግዳ መኪና መስታወት ሰበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በላሜራ ሸፍኜ በሽቦ አስሬዋለሁ።

የጎማ ሽታ የለም። ቁመቱን ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ነው ያደረግሁት፤ ቶሎ እንዳያድግብኝ። የጎማ ነፋስ ገና አልለካሁም። እትዬ፣ ጤዛውን በተመለከተ ጥፋተኛ ነኝ።

አያ ብሎን | ነሐሴ 19

እንግዲህ ግማሹን ራስህ መለስከው።

ጥንቸሏ ላይ አድርገው። ሁልጊዜ። የቢላው ንፋስ የሚመጣው ከሞተሩ ዙር ነው። ፍጥነት ለመቀነስ ማርሹን ቀንስ እንጂ ዙሩን አትንካ። በኤሊ ዙር ብትቆጥብ ሁለቴ ታጭዳለህ፤ ቁጠባው የት አለ?

ላሜራውን አንሣው። ሣሩ በጣም ደረቅና አጭር ከሆነ መውጫውን ዘግቶ ማድቀቅ ይቻላል፣ ለዚያም ለብቻው የተሠራ ቢላ አለ። በክረምት ግን እርጥብ ኪኩዩ ዘግተህበት ወዴት ይሂድ? በላሜራው ፋንታ ከፋብሪካው የመጣውን ወደ መሬት የሚያጎነብሰውን የላስቲክ ክንፍ መልሰህ እሰርለት። ያለ እሱ አትንዳ። ሲወረውር ወደ አጥሩ እንዲሆን አድርገህ ዙር። መኪና ወይም ሰው ካለ ደግሞ አቁም።

ዴኩን ስታጸዳ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀል። በክሪክ ብቻ አትመን፤ ሥሩ ግንድ አስገባ። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ ባሳየሁህ።

ዋልካ_18 | ነሐሴ 19

ስለ ተዳፋቱ ቦይ እኔ ልግባ። ጥቁር አፈር ካልክ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። አሁን ውስጡ ሊጥ ነው። ያንን የሚያህል ማሽን ስታወጣበት ጎማው ሣሩን ከላይ እየቀደደ ወደ ታች ይረግጠዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጫማህን ረግጠህ አንሣ። ዱካህ ውኃ ካቆረ ማሽን አይገባም። በቃ። ተዳፋቱን ክረምቱን በማጭድ ያዘው።

ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከሄድክም ያው ቦይ ይወጣል። ከላይ ወደ ታች ስትሄድም መስመሩን በየጊዜው ፈቀቅ አድርገው። ተቀምጠው በሚነዱት ደግሞ ተዳፋትን ወደ ጎን መሄድ ይገለብጣል፤ ያን አትሞክር።

የጎማህ ጥርስ ምን ዓይነት ነው? እንደ እርሻ ትራክተር ጥልቅ ከሆነ ሣሩን እሱ ራሱ ይቦጭቀዋል።

ሣረኛው | ነሐሴ 20

ጥርሱስ ገር ነው፣ የሣር ጎማ ነው።

ዛሬ ማሽኑን የመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ አወጣሁት። ዴኩን ስከፍት ሽታው! የበሰበሰ ድርቆሽና ጠላ የተቀላቀለ ነገር። በእንጨት ስፍቀው ከሦስት ጣት የሚወፍር ንጣፍ ወጣ። አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ። ታችኛው ንብርብር እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ደርቋል።

ከዚያ ለካሁ። ቢላውን ወደ ጎን አዙሬ፣ ከጫፉ እስከ ሲሚንቶው። በግራ 3 ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር። በቀኝ 5። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳዞር ደግሞ ከፊት 4 ነጥብ 5፣ ከኋላ 3 ነጥብ 9። ይሄ ደህና ነው?

ኳስ_ሜዳ | ነሐሴ 20

ደህና አይደለም! ግራህ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወርዷል እኮ። ልጠቱም በግራ ነው ያልከው። የኳስ ሜዳ ስንከባከብ ግራና ቀኙ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ አንነዳም ነበር።

ፊትና ኋላውም ተገልብጧል። ፊቱ ነው ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚለው። ኋላው ሲወርድ ቢላው የቆረጠውን ሣር በኋላው ጫፍ መልሶ ያገኘዋል። ደጋግሞ ይፈጨዋል፣ ጭማቂው ይወጣል፣ ሊጥ ይሆናል። ለክምሩም አንድ ምክንያት አገኘህ።

ግን ብሎኑን ሳትነካ በፊት የጎማውን ነፋስ ለካ። በመጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ዴክ። እኛ ይህን ገልብጠነው አንድ ሙሉ ቅዳሜ ባክኖብናል።

ሣረኛው | ነሐሴ 20፣ ማታ

ጉድ ፈላ። ሰኔ ላይ የቀኝ የኋላ ጎማ እሾህ ወግቶት ጎሚስታ ወስጄው ነበር። ልጁ እንደ መኪና ጎማ ቆጥሮ 30 ፒኤስአይ ሞልቶበታል። ግራው 8 ነው ያለው። እኔም እንደ ጠነከረ ስነካው ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት።

አያ ብሎን | ነሐሴ 20

ሃሃ! ቀኝ እግሩ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ግራው ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ነው ሲዞር የከረመው። አልላጠም ብትለኝ ነበር የሚገርመኝ።

ለእንዲህ ዓይነት ማሽን የኋላው 10፣ የፊቱ 14 አካባቢ ይበቃዋል። ጎማው ጎን ላይ ጣሪያው ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፍ። የጠነከረ ጎማ ዋልካውን እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው። ዋልካ፣ ለቦይህም ተጨማሪ ምክንያት ይኸው።

ነፋሱን አስተካክለህ እንደገና ለካ። የተረፈውን ልዩነት ዴኩ የተንጠለጠለበት ዘንግ ላይ ባለው ዳዶ አስተካክለው። በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ፣ ከዚያ መለካት። አትቸኩል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ቅስቱ ላይ ያለው ሣር ጫፉ ምን ይመስላል? በደንብ ቀርበህ እየው።

ሣረኛው | ነሐሴ 21

ተንበርክኬ አየሁት። በቀኝ በኩል የታጨደው ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ በመቀስ እንደተቆረጠ። በግራ ያለው ግን ተተልትሏል። ነጭ ነጭ ክር ወጥቶታል፣ ጫፉ ቡና ዓይነት ሆኗል።

አያ ብሎን | ነሐሴ 21

ይቅርታ አድርግልኝና፣ ቢላውን እየው። ግራውን። ክንፉ ወዴት ነው ያለው?

ሣረኛው | ነሐሴ 21፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ

ወደ ታች።

ፒያሳ_ካፌ | ነሐሴ 21

«ቢላ ነው እንዳትሉኝ»

አያ ብሎን | ነሐሴ 21

ተገልብጦ ታስሯል። እኔም እዚህ ላይ ሁለት በሽታ ነው ብዬ በድፍረት የጻፍኩትን ግማሹን እመልሳለሁ። ይህ አንዱ ለሁለቱም ነው። ቢላ ሲገለበጥ ስለቱ ወደ ኋላ ይዞርና በደነዙ ጀርባ ሣሩን ይደበድበዋል። ለዚያ ነው የተተለተለው። ክንፏም ወደ ላይ አየር መሳብ ትታ ወደ መሬት ትዞራለች፣ ጉብታ ባገኘች ቁጥር አፈሩን ትዝቃለች። በዚያ ላይ ግራው ወርዷል። ምን ይተርፋል?

የሳለልህ ሰው ሞያውን አያውቅም አልልም፣ ምናልባት እንዲህ ያለ ማሽን አይቶ አያውቅም። አንተም ቆመህ ማየት ነበረብህ።

ስትፈታው ቢላው እንዳይዞር በእሱና በዴኩ መሃል እንጨት ሰንቅር። ወፍራም ጓንት አድርግ። አንዱን ቢላ ከፈታህ በኋላ መሃሉን በግድግዳ ሚስማር ላይ አንጠልጥለው። ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ከከባዱ ወገን በሞረድ ጥቂት ቀንስለት። ሚዛን ያጣ ቢላ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ቢላው የሚዞርበትንም ዘንግ በእጅህ ነቅነቅ አድርገው፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ስትመልሰው ክንፏ ወደ ዴኩ ጣሪያ ትይ።

የማራኪዋ | ነሐሴ 22

ዴኩን ካጸዳህ በኋላ የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይሉሃል፤ እኔንም ብለውኝ ነበር። እንዳትሰማቸው። ይንጠባጠብና ሣሩን ያደርቀዋል። እኔ አንዴ ቀብቼ ጓሮዬ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ሆኖ ከርሟል።

ኳስ_ሜዳ | ነሐሴ 22

እኛ የምግብ ዘይት በስሱ ነበር የምንቀባው። ቢበዛ ሁለት ማጨድ ያቆያል። ከዚያ በላይ የሚረዳው ግን በጨረስክ ቁጥር ሳይደርቅ መፋቅ ነው።

በዴኩ ጠርዝ ያሉትን ትናንሽ ጎማዎችም አትርሳ። መሬት ላይ እየተንከባለሉ ዴኩን ሊሸከሙ አይደለም። በምታጭድበት ቁመት ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ ጉብታ ሲመጣ ብቻ ዴኩን አንሥተው ያሳልፉታል። ቁመት በቀየርክ ቁጥር ቀዳዳቸውን ቀይር።

ሣረኛው | ነሐሴ 22

እሺ። ለጊዜው የወደቀውን ኩበት ምን ላድርገው? ከሥሩ ያለው ሣር ቢጫ መሆን ጀምሯል። የጎረቤት ላም ያላቸው ሰውዬ ስጠኝ ብለውኛል።

ዋልካ_18 | ነሐሴ 22

ዛሬውኑ በመንሽ በትነው። ከሥሩ ያለው ብርሃን አጥቶ ነው የሚገረጣው፤ ቶሎ ካነሣህለት ይመለሳል። በስሱ የተበተነ ሣር ለመሬቱም ምግብ ነው።

ለላሟ ግን አራት አምስት ቀን የተከመረውን እንዳትሰጥ። ቅደደውና እጅህን አስገባበት፤ ይፋጃል፣ ሻግቷል። ያን ቀን የታጨደ፣ ቤንዚን ያልነካው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሣረኛው | ጳጉሜን 2

ሳልመጣ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ዝናቡ ፋታ አልሰጠኝም።

የኋላ ጎማዎቹን 10፣ 10 አደረግሁ። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ግማሽ ወረደ። የተረፈውን በዳዶው ጨረስኩት። አሁን ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ፊቱ ከኋላው 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ኩሽኔታዎቹ ደህና ናቸው። ግራውን ቢላ ገልብጬ አሰርኩት። ስለቱ ጠርዙ ደንዝዞ ስለነበር በሞረድ ትንሽ አነሣሣሁት። አየር ማጣሪያውንም አወጣሁት፤ ጎሃ፣ ለአንድ ጆንያ የሚበቃ አቧራ ነበረው።

ትናንት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። መዳፌን አሻሸሁ፣ ደረቅ ነው። ቁመቱን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁ፣ ጥንቸል ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ። ድምፁ ራሱ ተለውጧል። ሣሩ በጎን በኩል እንደ ጤፍ ገለባ ብን እያለ ነው የወጣው። አንድም ኩበት የለም። ዋሸሁ፣ ቧንቧው አጠገብ ሁለት ጥሏል፤ እዚያ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ተዳፋቱን አልነካሁትም። ሁለት ልጆች በማጭድ ጨረሱት።

የተላጡት ቅስቶች ግን አሉ። የሣር ችግኝ ልግዛላቸው?

ዋልካ_18 | ጳጉሜን 2

ገንዘብህን አታባክን። ኪኩዩ በመሬት ላይ እየተሳበ ራሱ ይዘጋዋል፣ እርጥበቱም ገና አለ። ከቸኮልክ ከአጥሩ ሥር ግንዱን ከነሥሩ ነቅለህ በጣት ርዝመት ቆራርጥና እንደ ሽንኩርት ችግኝ ትከለው። ቦዩን ደግሞ አሁን በአፈር አትሙላው። አፈሩ ትንሽ ይጠፍፍ፣ ከዚያ በአትክልት መቆፈሪያ ሹካ ከጎኑ ሰቅስቀህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሣው። የጎደለውን ስስ ስስ እያደረግህ ሙላ፣ የሣሩ ጫፍ ሁልጊዜ መታየት አለበት።

አያ ብሎን | ጳጉሜን 2

ቢላውን ከ20 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ ሳለው። በዚህ ጊዜ ቆመህ እያየህ።

የማራኪዋ | ጳጉሜን 3

ሥራ አስኪያጁስ ምን አሉ?

ሣረኛው | ጳጉሜን 3

«አሁን ሣር መሰለ» አሉ። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ለአዳራሹ ጉዝጓዝ የሚሆን ረጅም ሣር ከዚሁ ግቢ አቅርብ አሉኝ። ሁሉንም 6 ሴንቲ ሜትር አድርጌዋለሁ እኮ!

የማራኪዋ | ጳጉሜን 3

ቧንቧው ጋ ያለውን እርጥብ ቦታ ሦስት አራት ቀን ተወው። ካልበቃህ ደግሞ ጓሮዬ አጥር ሥር ቄጤማ አለ፣ ማጭድህን ይዘህ ና። ትራክተሩን ግን እዚያው ተወው።